ወገቤን ያልጠየቀኝ ቅጽ

በመንዝ ደጋ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ በእግሬ፣ ቀጥሎ በበቅሎ፣ ከዚያ በሞተር ሳይክል ነው ቀበሌዎቹን ያዳረስኩት። ወገቤን የወሰደው ሞተሩ ነው። አንድ ክረምት መሥሪያ ቤታችን ካለበት ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ ቁልቁለት ላይ ጭቃ አንሸራተተኝና ሞተሩ ከነጭነቱ ላዬ ላይ ወደቀ። ከገበያ ይመለሱ የነበሩ ሴቶች ናቸው ጎትተው ያወጡኝ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና፣ «ሞተር የሚባል ነገር ከእንግዲህ እርሺው» አለኝ።

መሥሪያ ቤት ስመለስ ኃላፊያችን ጠረጴዛ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «እዚሁ ተቀመጪና ሪፖርት አጠናቅሪ። ለሴት ደግሞ ይሄ ይሻላል» አሉኝ።

«በጎቹ ቢሮ አይመጡም» አልኳቸው። በማግስቱ በቅሎዬን ጭኜ ወጣሁ።

በቅሎ ለወገብ ትሻላለች፤ ግን አትደርስም። የክትባት መድኃኒት በረዶው ሳይሟሟ መድረስ አለበት። አንድ ቀበሌ ደርሼ ስመለስ ቀኑ ያልቃል፣ ሌላው ቀበሌ ሲጠብቀኝ ይውላል። እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት ከገፋሁ በኋላ ነው ከአንድ የልማት ፕሮጀክት ሁለት ባለ አራት ጎማ ሞተሮች ለሙከራ የመጡልን። ሁለቱም በአራቱም ጎማ የሚስቡ ናቸው። ተሞክረው የተሻለው ለየወረዳው እንዲገዛ ታስቦ ነበር። ነጂዎቹ ሁለት ሰዎች እንዲሆኑ ተወሰነ። አንደኛው ባልደረባዬ ነው፤ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሞተር እንደ ፈረስ የሚገራ ክትባት ሰጪ። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ አልኩ።

«ሐኪም ከልክሎሻል አይደል እንዴ?» አሉ ኃላፊው።

«የከለከለኝ ሁለት ጎማውን ነው። ስለ አራቱ ያለው ነገር የለም» አልኩ።

ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ እንቢ ማለት ከበዳቸው።

ሞተሮቹን ይዞ የመጣው መሐንዲስ ትሁት ሰው ነበር። ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ ከሥራቸው ያለውን አሳየን። ትልቁ ብዙ ጭነት እንዲችል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሞላዎቹ ወፋፍራምና ደረቅ ናቸው። የኋላ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ተያይዘዋል፣ ስለዚህ አንዱ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላውንም ይዞት ይነሳል። ትንሿ ቀለል ያለች ናት። አራቱም ጎማዎቿ የየራሳቸው ክንድና የየራሳቸው ሞላ አላቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው መሬቱን አይለቅም። የሞላሌ ገበያተኛ ለሁለቱም ስም ለማውጣት ሳምንት አልፈጀበትም። ትልቁን «ወይፈኑ»፣ ትንሿን «ግልገሏ» አላቸው።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የወደድኩት ወይፈኑን ነበር። ሜዳው ላይ የመንዝ ንፋስ ከጎን ሲመታ ሰው ያንገዳግዳል፤ ወይፈኑ ግን ንቅንቅ አይልም። በጠጠር መንገድ ላይ ክብደቱ እንደ ቤት ያስተማምናል። ግልገሏን በዚያው ንፋስ ስነዳት መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ወደ ውጭ ጋደል ስትል የጣለችኝ መስሎኝ ጮኼአለሁ። ይህንንም ሳልደብቅ በማስታወሻዬ ጻፍኩ።

ግን ሥራችን ጠጠር መንገድ ላይ አይደለም። ቀየት ወደሚባለው ቀበሌ በሚወስደው የእግር መንገድ ስገባ፣ ጭንጫው ሲጀምር፣ ወይፈኑ ሌላ ፍጥረት ሆነ። የረገጠው ድንጋይ ሁሉ በጎማው ይገባል፣ በብረቱ ያልፋል፣ በወንበሩ ወጥቶ አከርካሪዬን ይመታል። የበረዶ ሳጥኖቹንና የመኖ ጆንያ ስጭንበት ረገብ ይላል፤ ሞላው የተሠራው ለዚያ ነውና። ጭነቱን አራግፌ ባዶውን ስመለስ ግን ይራገጣል። ከጎማው ጥቂት አየር ቀንሼ ሞከርኩ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ተሻለኝ፣ ከዚያ ቸርኬው ራሱ ድንጋይ መምታት ጀመረ። ከቤቴ ዝተት አምጥቼ አራት እጥፍ አጥፌ ወንበሩ ላይ አነጠፍኩ። እሱም አልረዳኝ። ያን ቀን ቤቴ ስደርስ ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ማውለቅ አቅቶኝ ከነጫማዬ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ያንኑ መንገድ በግልገሏ ሄድኩበት። እያንዳንዱ ጎማ የራሱን ድንጋይ ለብቻው ይወጣል፣ ለብቻው ይወርዳል፤ ከላይ ያለሁት እኔ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ቁልቁለት ላይ ፊቷን ትደፋለች፤ ያኔ ወደ ኋላ መቀመጥን ለመድኩ። ጋደል ስትል ደግሞ ሰውነቴን ወደ ዳገቱ መጣል ተማርኩ። ከሰዓት በኋላ ከበግ ጋር ጎንበስ ቀና እያልኩ ውዬ፣ ወገቤ እንዳለ ትዝ ሳይለኝ ቤቴ ገባሁ። ይህ ከወደቅሁ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ብቻዬን ሳቅሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ግሼ ወረድን፣ ራቤል አካባቢ። የበልግ ዝናብ ጥሎ ነበር። ባልደረባዬ ወይፈኑን፣ እኔ ግልገሏን ይዘን አንድ ጨፌ ልናቋርጥ ገባን። እኔ አለፍኩ። ዞር ስል ወይፈኑ በሆዱ ተኝቷል። ባልደረባዬ ቤንዚን በሰጠው ቁጥር አራቱም ጎማዎች አብረው ይቆፍራሉ፣ ይሰምጣል። ከማሳ የተጠሩ ሰዎች መጡ፤ ስምንት ሆነን ብንገፋ እንቢ አለ። በመጨረሻ አንድ አባት ጥማድ በሬዎቻቸውን ከእርሻ ፈትተው አመጡና በጠፍር አስረው ጎተቱት። ከጭቃው ሲወጣ ዙሪያውን ዞረው አዩት።

«ይሄን የመረጠው ሰው ክረምት መጥቶ ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ገና አልተመረጠም አባቴ፣ እየሞከርን ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው እንዳትዋሹ» አሉኝ። በሬዎቻቸውን ይዘው ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ቅጹ ተሰጠን። ፍጥነቱን ይጠይቃል፣ የሚሸከመውን ይጠይቃል፣ ነዳጁን፣ ዳገት አወጣጡን ይጠይቃል። ስለተቀመጠበት ሰው አንድም ጥያቄ የለውም። በዚያ ቅጽ ከሄድን አሸናፊው ያለጥርጥር ወይፈኑ ነው። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩ፤ የትኛው መንገድ ላይ የትኛው እንዴት እንዳደረገኝ፣ ከወረድኩ በኋላ ስንት በግ መከተብ እንደቻልኩ፣ ጨፌው ውስጥ የሆነውን፣ ግልገሏ ንፋስ ላይ ያላትን ድክመትም ጭምር። ጀርባው አልበቃኝም፤ ሌላ ወረቀት ጨመርኩ።

ስብሰባው የተደረገው ኃላፊው ቢሮ ነው፤ እሳቸው፣ መሐንዲሱ፣ ባልደረባዬና እኔ። ማጠቃለያው ተጽፎ ጠብቆናል። ወይፈኑ ተመርጧል። ባልደረባዬ ቀድሞ ፈርሟል። ወረቀቱ ወደ እኔ ዞረ።

«አልፈርምም» አልኩ።

መሐንዲሱ በትሕትና፣ «ክብደት ያለው መሬት ይይዛል፤ ቀላል ነገር ደግሞ ይገለበጣል» አለ።

«ክብደት ያለው ሲገለበጥ ከሥሩ ማን ያወጣኛል? አንዴ ከሥሩ ተኝቼ አይቼዋለሁ» አልኩት።

ኃላፊው ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ስሚ፣ ምቾት ለቱሪስት ነው። እኛ የሥራ መሣሪያ ነው የምንመርጠው።»

ይህን ሲሉ ደሜ ፈላ። «ምቾት ቢሆን ኖሮ ቤቴ እተኛ ነበር» አልኩ። «እኔ የምለው፣ በወይፈኑ ሄጄ ግማሽ ቀን እከትባለሁ፤ በግልገሏ ሄጄ ሙሉ ቀን እከትባለሁ። መሣሪያው እኔ ነኝ። እኔ ስሰበር መለዋወጫ የለኝም።»

«አጋነንሽው!»

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» አልኩና የወይፈኑን ቁልፍ ፊታቸው አስቀመጥኩ። «በጭንጫው መንገድ ታች እስካለው ወንዝ ደርሰው ይመለሱ። ከዚያ ይፍረዱኝ።»

እውነቱን ለመናገር እንደሚነሱ አልጠበቅሁም ነበር። ግን ኩሩ ሰው ናቸው፤ ቁልፉን አነሱ። እሳቸው ወይፈኑን፣ ባልደረባዬ ግልገሏን ይዘው ወጡ። እኔና መሐንዲሱ በረንዳው ላይ ቆመን ጠበቅን። እሱ ብዙ ጊዜ ሰዓቱን አየ። ሲመለሱ ኃላፊው ከሞተሩ የወረዱት ከመሰላል እንደሚወርድ ሰው ነው፤ አንድ እግር፣ እረፍት፣ ሌላ እግር። አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው ኮታቸውን አስተካከሉ።

«መንገዱ መጥፎ ነው» አሉ።

«አዎ፣ መንገዳችን እሱ ነው» አልኩ።

ቢሯቸው ገቡ። ውሳኔያቸውን ግን አልቀየሩም፤ ከበላይ የመጣ ነው አሉ። እኔም አልፈረምኩም።

ባልደረባዬ ግቢው በር ላይ ጠበቀኝ። ሞተሮቹን ማየት ትቶ መሬት መሬት ያይ ነበር። «እታለም፣ እኔንም ያመኛል» አለኝ። ከኪሱ የሕመም ማስታገሻ ክኒን አውጥቶ አሳየኝ። «ከወይፈኑ በወረድኩ ቁጥር ነው የምውጠው።»

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

«ወንድ ልጅ ወንበር ቆረቆረኝ ብሎ ይጽፋል?»

ተናደድኩበት፤ አዘንኩለትም። «ይጽፋል» አልኩት። «ካልጻፈ በአርባ ዓመቱ በምርኩዝ ይሄዳል። ያኔ ወንድነቱን በምን እንደሚሸከመው አያለሁ።»

ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት የእኔን ያህል ባይረዝምም በእጁ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ መጣና ኃላፊውን ፊርማዬን ሰርዙልኝ አላቸው። ደብዳቤው ላይ ክኒኑንም ጽፎታል። ያን ዓይነት ድፍረት ጨፌ በሞተር ከማቋረጥ እንደሚበልጥ ያኔ ነው የገባኝ።

የሁለቱ ነጂዎች ፊርማ የሌለበት የሙከራ ሪፖርት ተቀባይነት አላገኘም፤ ተመለሰ። ሙከራው ክረምቱን ጨምሮ እንዲራዘም ታዘዘ፣ ሞተሮቹም በግሼና በመርሐቤቴ ያሉ ባለሙያዎች እጅ እየዞሩ ተነዱ። በእኔ ላይ ደግሞ ለበላይ አካል አክብሮት በማጣት የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ። ክረምቱ ሲወጣ የመጣው ውሳኔ እኔም የምስማማበት ነበር። ሰፊ የጠጠር መንገድ ላለባቸውና ከባድ ጭነት ለሚያመላልሱ ትልቁ ተመደበ፤ ለእኛ ደጋ ትንሿ። የመርሐቤቴዎቹ ትልቁን ወደውታል፤ ልክ ናቸው፣ ወገቡም መንገዱም የእነሱ ነው።

አሁን የምነዳው ግልገሏን ነው። ሥራዬንም አልተውኩም፤ ውርጭ ባለበት ጠዋት ወገቤ ያቃስታል፣ እስኪሞቀኝ ታግሼ እነሳለሁ። ባለፈው ሰሞን ኃላፊው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ አስጠሩኝና የግል ማኅደሬን ከፍተው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን አሳዩኝ።

«አንድ መስመር ይቅርታ ጻፊና ቀድጄልሽ ልሂድ፤ ከአንቺ ጋር ተቀያይሜ መሄድ አልፈልግም» አሉ። ከልባቸው ነበር።

«እኔም ቂም የለኝም» አልኳቸው። «ግን ይቀመጥ። ከእኔ በኋላ የምትመጣ ካለች፣ አልፈርምም ማለት እንደሚቻል አንብባው ትግባ።»

ማኅደሩን ዘጉት። ተጨባበጥን፤ እኔም የበረዶ ሳጥኔን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ። የበግ ፈንጣጣ ገብቷል የተባለበት ቀበሌ እየጠበቀኝ ነበር።