የአቶ ተክለብርሃንን መጽሐፍ የጠረዘው ሰው

ጉርድ ሾላ ላይ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው ጠራዥ አብዱልናስር ያሲን ይባላል። ስሙን ከነአባቱ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠርዝ በአንድም መጽሐፍ ላይ አልተጻፈለትም፤ እዚህ ይጻፍለት።

ሥራው በአብዛኛው የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። እኔ አትማለሁ፣ እሱ ይጠርዛል። የምስጋና ገጾቹን ስለማነብ ማን ማንን እንደሚያመሰግን አውቃለሁ። መጀመሪያ ፈጣሪ ይመሰገናል፣ ቀጥሎ አማካሪ መምህሩ፣ ከዚያ ሚስት። አንድ የእንስሳት ሕክምና ተመራቂ ውሻውን አመስግኗል። ጠራዡን ያመሰገነ እስካሁን አልገጠመኝም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

አብዱልናስር ግን ግድ ያለው አይመስልም ነበር። ደንበኛ መጥቶ «የዘንድሮውን የአምና አድርገህ ጻፍልኝ» ካለው፣ ጀርባው ላይ በወርቅ ቀለም የአምናውን ዓመት ይጽፍለታል። አንድ ቀን «ይኼ ማጭበርበር አይደለም ወይ?» አልኩት። «ስሜ የለበት» አለኝና ሙጫውን ማማሰሉን ቀጠለ።

አቶ ተክለብርሃን የመጡት አምና ነው። ጡረታ የወጡ የኢንሹራንስ ሰው ናቸው፤ ሲኤምሲ ቪላ አላቸው። በውጭ አገር በጥቂት ቅጂ በእጅ የታተሙ፣ በቆዳ የተጠረዙ፣ እያንዳንዳቸው ቁጥር ያላቸው መጻሕፍት ይሰበስባሉ። ያንብቧቸው አያንብቧቸው አላውቅም፤ ሲነኳቸው ግን እጃቸውን ታጥበው ነው። መሰብሰቡ አልበቃ ሲላቸው የራሳቸውን ለማሳተም ተነሡ። ከተዘጋ ማተሚያ ቤት አሮጌ የእጅ ማተሚያ ገዝተው ጋራዣቸው ውስጥ ተከሉ፤ መኪናቸው ውጭ ማደር ጀመረች። የሟች አባታቸውን ታሪክ ፊደል በፊደል እየለቀሙ አርባ ገጽ ለማተም ስምንት ወር ፈጀባቸው። ያስመጡት ወረቀት የበቃው ለሠላሳ ቅጂ ብቻ ነው።

አብዱልናስር የቆዳ ነገር ሲነሣበት ሌላ ሰው ሆነ። አባቱ ወሎ ውስጥ ቁርኣንና ኪታብ ጠራዥ ነበሩ፤ የፍየል ቆዳ እንዴት እንደሚፋቅና እንደሚሳሳ የተማረው ከእሳቸው ነው። ያን እጅ በካርቶንና በፕላስቲክ ሲያባክነው ኖሯል። ለአቶ ተክለብርሃን ሦስት ወር ሙሉ ሠራ። ክሩን በሰም አሸ፣ የመጽሐፉን ቅጠል በእጁ ሰፋ፣ ቆዳውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እስኪሆን አሳሳ። እኔ በቀላሉ የምደነቅ ሰው አይደለሁም፤ ያን ጊዜ ግን ተደነቅሁ።

የእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ደንብ ሆኖ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ወረቀቱና ፊደሉ ከየት እንደመጡ ተዘርዝሮ፣ ከሥሩ «የጠረዘው አብዱልናስር ያሲን፣ ጉርድ ሾላ» ይላል። አብዱልናስር ገጹን ባየ ቀን መጽሐፉን ይዞ ወደ እኔ መጣ። «የሺ፣ እስቲ አንብቢልኝ» አለኝ። ማንበብ ይችላል። አነበብኩለት። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። ከዚያ ፎቶ አንሥቶ ለሚስቱ ለዘኪያ ላከላት።

ጣጣው የመጣው በቁጥሩ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ከሠላሳ ቅጂ ይህ ቁጥር» ተብሎ ባዶ ቦታ ተትቷል። አብዱልናስር እዚያ ላይ የሚመታበትን የግዕዝ ቁጥር ቀራጺ ዘንድ በነሐስ አስቀርጾ፣ እስከ ሠላሳ ለመጻፍ የሚበቁትን አሥራ ሁለት ፍሬ ማኅተም በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አቶ ተክለብርሃን ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ዘርአጽዮንና እህታቸው ወይዘሮ ለተጽዮን አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ተኳርፈዋል። መጽሐፉ የታተመው በምረቃው ሰበብ ሁለቱን አንድ ግቢ ለማስገባት ነው። ሁለቱም ግን ቁጥር እንዳለው ሰምተዋል። ወንድም ደውለው «በኩሩ እኔ ነኝ፤ የእኔ ስንተኛው ነው?» ብለዋል። እህት ደውለው «ያስታመምኩት እኔ ነኝ» ብለዋል። ቁጥር ሁለት የሚደርሰው ምረቃው ላይ አይመጣም። የቀረውም ዘመድ ተራውን መጠየቅ ጀምሯል።

«ታዲያ ቁጥሩ ይቅራ» አልኳቸው።

«ቦታው ባዶ ከሆነማ ሁሉም የእኔን ረሱት ይላል» አሉኝ። ወደ አብዱልናስር ዞሩና «ሁሉም ላይ ቁጥር አንድን ምታበት» አሉት።

አብዱልናስር የሙጫውን ማማሰያ አስቀመጠ። «ሰው ለማስታረቅ የተባለ ውሸት እኛም ዘንድ ኃጢአት አይባልም። እመታለሁ። ግን ስሜ ያለበት ላይ አልመታም።»

«ስምህ ምን አደረገ?»

«መጽሐፉን እኔ ሠራሁት ይላል። ቁጥሩ ውሸት ከሆነ ውሸቱንም እኔ ሠራሁት ማለት ነው።»

«እሺ፣ እኔው ልምታው።»

«ማንም ይምታው፣ ከስሜ ጋር ነው የሚቀመጠው። ገጹ ይውጣ።»

እኔ አላስቻለኝም። «ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቀህ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማህም?» አልኩት።

«ስለሰማሁ ነው» አለኝ።

ከሠላሳውም ቅጂ ገጹን አንድ በአንድ ቆረጠ። አጠገቡ ያለው ቅጠል እንዳይላቀቅ ሥሩን አጠበቀ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በአጥንት አሽቶ አስተኛ። ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ተናድጄ ሁለቱንም ቀን አላናገርኩትም። ሲጨርስ አንዱን አንሥቼ አየሁ። የጎደለው ገጽ የት እንደነበረ እያወቅሁ ቦታውን ማግኘት አቃተኝ። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው፤ አይታይም። ከዚያ አንድን ሠላሳ ጊዜ መታ። አሥራ አንዱ ነሐስ ሥራ ሳያገኝ ቀረ።

ምረቃው እሑድ ከሰዓት በቪላው ግቢ ተደረገ። ወንድምና እህት ሳይወዱ በግድ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቶ ዘርአጽዮን የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ፩ን አዩና እህታቸው አይተው እንዳይከፋቸው ቶሎ ከደኑት። ወይዘሮ ለተጽዮንም ገለጥ አድርገው፣ ለወንድማቸው አዝነው፣ ከደኑት። ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ ያጎረሱት እህት ናቸው። ወንድምም መልሰው አጎረሷቸው። አቶ ተክለብርሃን ወደ ጋራዡ ገብተው አለቀሱ። ግቢ ሙሉ ሰው መጽሐፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ ለጎረቤቱ ያዝናል።

እኔና አብዱልናስር ለስላሳ ይዘን ጥግ ላይ ቆመናል። አቶ ዘርአጽዮን እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ አጠገባችን ቆሙ፤ ሽፋኑን በመዳፋቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

«እንዲህ ያለ ጥራዝ ከአባቴ ዳዊት ወዲህ አላየሁም» አሉ። «ማን እንደሠራው ታውቃላችሁ?»

አፌን ስከፍት አብዱልናስር በክርኑ ጎሸመኝ።

«አላውቅም፣ አባቴ» አለ።

«ማንም ይሁን፣ እጁ ይባረክ» አሉ።

አብዱልናስር «አሜን» አለ።