ድምፅ አልባዋ ተዋናይት እህቴ

እህቴ ራሷን «የመጨረሻዋ ድምፅ አልባ የፊልም ተዋናይት» እያለች ታስተዋውቅ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አዲስ ሰው አግኝቷት ሥራዋን ሲጠይቃት እንዲህ ትመልስና ሰውየው ግራ ሲገባው ትስቃለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ መሬት መሬቱን አያለሁ። ኤክስትራ ነኝ ብትል ምን ነበረበት? በፊልም ውስጥ ከዋናዎቹ ተዋንያን ጀርባ መንገድ የምትሻገር፣ አውቶቡስ የምትጠብቅ፣ ምግብ ቤት ተቀምጣ የምታወራ የምትመስል ሴት፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ቶሮንቶ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ስትሠራ ካሜራ ፊት አንዲት ቃል ድምፅ አውጥታ አልተናገረችም።

የሚያናድደኝ፣ አገር ቤት ሰው የሚያውቃት በድምፅዋ ብቻ መሆኑ ነው። የሬዲዮ ድራማ ተዋናይት ነበረች። በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ሥራ ስትውል ያሳደገችኝም እሷ ናት። ድራማው የሚተላለፈው ቀደም ብሎ ተቀርፆ ስለሆነ፣ ጎረቤቶች ሳሎናችን ተሰብስበው ከሬዲዮኑ ለቅሶዋን እየሰሙ ሲንሰቀሰቁ እሷ ጓዳ ሽንኩርት ትልጣለች። ገበያ ስትወጣ ማንም ዞር ብሎ አያያትም፤ የቲማቲም ዋጋ ስትጠይቅ ግን ሻጯ በድንጋጤ ሚዛኑን ትለቀዋለች።

እዚህ ስትመጣ ነገሩ ተገለበጠ። የፊልም ሰዎቹ ፊቷን ወደዱት፣ ድምፅዋን ማንም አልፈለገውም። አንድ ጊዜ ብቻ አንዲት ነርስ ሆና ሦስት ቃል እንድትናገር ፈተኗት። ሳምንት ሙሉ ስትለማመድ ከረመችና የእንግሊዝኛ አክሰንቷ አይገባም ብለው መለሷት። በዚያን ቀን ኢስት ዮርክ እኔ ቤት መጥታ፣ ሳልጠይቃት ዕቃዬን ሁሉ አጠበች። ተይው ይሄን ሥራ ብላት የታጠበውን ድስት እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ሥራው ሕግ አለው። ጫማ ድምፅ እንዳያሰማ ሶሉ ላይ ለስላሳ ነገር ይለጠፋል። ሲጨበጨብ መዳፍና መዳፍ አይነካካም። ሰርግ ላይ ያለ ሙዚቃ ይጨፈራል፤ ሳቁም ያለ ድምፅ ነው። ምግብ ቤት የተቀመጡት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚያወሩ ይመስላሉ እንጂ ትንፍሽ አይሉም፤ ድምፁ ለዋናዎቹ ነው። ሌሎቹ ከንፈራቸውን የሚያንቀሳቅሱት ቁጥር እየቆጠሩ ነው። እህቴ ግን ሁልጊዜ እውነተኛ ነገር ነበር የምታወራው፣ በአማርኛ። ካለበለዚያ ፊቴ ይዋሻል ትል ነበር። ማንም እንደማይሰማት ስለምታውቅ ለሰው የማትናገረውን ሁሉ እዚያ እንደምትናገር አንድ ቀን አጫውታኛለች።

እናታችን አዲስ አበባ ስታርፍ የደወሉት ለእኔ ነበር። እህቴ በዚያ ሳምንት ለአንድ የሰርግ ፊልም አራት ቀን ልትሠራ ቡክ ተደርጋ ነበር። ይለፍላት ብዬ ደበቅኋት። ከዚያ ቀን ቀንን እየገፋው ሦስት ሳምንት ሆነ። በመጨረሻ እንደ ወጉ ሽማግሌዎች አስከትዬ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ በማለዳ በሯን አንኳኳሁ። ጥቁር ለብሰን ስታየን ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ለብቻዬ አስቀመጠችኝ።

«እናቴ ሞታ እኔ ስጨፍር ነበር» አለችኝ። «ከእንግዲህ ክፉ ወሬ ሲኖር ፊት ለፊት። አንቺም ለእኔ፣ እኔም ለአንቺ።»

ማልኩላት፤ እሷም ማለችልኝ። እኛ አበሾች ክፉ ወሬ መደበቅ ፍቅር ይመስለናል፤ እኔ በዚያን ቀን አፈርኩበት።

አምና በጸደይ፣ የቶሮንቶ በረዶ እንደቀለጠ፣ ኮል አደረገችኝ። ለአንድ ምግብ ቤት ትዕይንት ሰው ጎድሏቸዋል፣ ስምሽን ሰጥቻለሁ፣ አንድ ቀን ብቻ አብረሽኝ ዋዪ አለች። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ሥራዬ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝና እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ሦስት ቅያሪ ልብስ ተሸክመን፣ ኤክስትራዎቹ ተራ በሚጠብቁበት አንድ የቤተክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ተጎለትን። እሷ ፊቷ ገርጥቶ፣ የያዘችውን ሳንድዊች ሳትነካው አስቀመጠችው። እኔ የእሷንም ጨምሬ በላሁት።

ተራችን ሲደርስ እኔና እሷን አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጡን። ምን ልበል ብዬ ጠየቅኋት። ከአንድ እስከ ሃያ ቁጠሪ፣ ፈገግ በይ፣ አልፎ አልፎ ራስሽን ነቅነቅ አድርጊ አለችኝ። ረዳት ዳይሬክተሩም መጥቶ ደስተኛ ጓደኛሞች ናችሁ ብሎን ሄደ።

ተጀመረ። እህቴ ትንሽ አየችኝና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። እኔ ሰባት፣ ስምንት እያልኩ ፈገግ አልኩ። እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጄን ያዘችው፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። አሥራ ሁለት ላይ ራሴን ነቀነቅሁ። ሴትዮዋ እንዴት ትችልበታለች ብዬ በሆዴ አደነቅኋት። ዋናዋ ተዋናይት ቃሏን እየሳተች ስድስት ጊዜ ደገሙት። እህቴም ስድስት ጊዜ ያንኑ አወራች፣ እኔም ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ደከመሽ አይደል አልኳትና ወደ ስልኬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ ትደውል ጀመር። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ አለሽ? ትለኛለች። አዎ አለኝ እላለሁ። እሺ ብላ ትዘጋለች። ለምን እንደጠየቀች አልጠየቅኋትም። በበጋው ሰውነቷ አለቀ፤ እኔ ደግሞ የፊልም ሰው ሆንሽ፣ ለካሜራ ብለሽ ዳይት ጀመርሽ እያልኩ አሾፍኩባት። ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። ያን አስተያየት አሁን ቁጭ ባልኩበት ሁሉ አየዋለሁ። ከዚያ መደወሉን ተወችው። እኔም ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ።

በመስከረም ከሆስፒታል የደወለችልኝ ነርስ ናት። ካንሰር ጉበቷን ጨርሶታል። ከጸደይ ጀምሮ ታውቃለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ መድኃኒቱን ስትወስድ የከረመችው ብቻዋን ነው። አልጋው ላይ ሳያት እንደማዘን ተቆጣሁ።

«ተማምለን አልነበረም ወይ? ለምን አልነገርሽኝም?»

ያ ጎረቤት ያስለቀሰ ድምፅ ክር አክሏል።

«ነግሬሽ ነበር» አለችኝ።

መቼ ብላት ዓይኗን ጨፈነች። የሚሰጧት መድኃኒት ነው የሚያስቀባጥራት ብዬ ተውኩት። በዘጠነኛው ቀን አረፈች። ለለቀስተኛው ሁሉ ደበቀችኝ እያልኩ አማኋት። እነሱም ስለምትወድሽ ነው እያሉ አጽናኑኝ።

ፊልሙ በዚህ ክረምት ወጣ። ልጄ ናት ፈልጋ ያገኘችው፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አክስቷን እንደ ነፍሷ ትወዳት ነበር። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዋናዋ ተዋናይት ስለ ፍቅረኛዋ ትለፈልፋለች፤ ከትከሻዋ በላይ፣ ትንሽ ደብዘዝ ብላ፣ እህቴ አለች። ቢበዛ ሰባት ሰከንድ ቢሆን ነው። ልጄን መልሺው አልኳት። አሁንም መልሺው አልኳት። እንድናገር ያስተማረኝ አፍ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲናገር አውቀዋለሁ።

ከንፈሯ ሁለቴ ገጠመ፣ ተከፈተ። ታምሜያለሁ። ከዚያ እጄን ያዘች። ብቻዬን አትተዪኝ።

መሐላዋን ጠብቃለች። ፊት ለፊት ነግራኛለች፣ በምትችለው መንገድ፣ ስድስት ጊዜ። ድምፅ ብታወጣበት ያን ሁሉ ሰው ያስለቀሰው ድምፅዋ ራሷን እንዳይጥላት ፈርታ ይሆናል፤ አላውቅም፣ አሁን ማንን እጠይቃለሁ? የማውቀው ጠረጴዛው ማዶ ያለችዋን ሴት ነው። ጎኗ ብቻ ይታያል። ፈገግ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እሺ እንደሚል ሰው።

«ማሚ፣ አንቲ ምንድነው ሴይ የምታደርገው? ምን እያለች ነው?» አለችኝ ልጄ።

ልጄ ወደ እኔ ዞራ ትጠብቃለች። አፌን ከፈትኩ።

«እየቆጠረች ነው» አልኳት።