የጋሼ ምትኩ አሮጌ ኮምፒውተር

በቀደም የቢሮአችን ፕሪንተር ግሎ የተቃጠለ አቧራ ሸተተ። ሰው ሁሉ መስኮት ሲከፍት እኔ ሆዴ ባባ፤ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር፣ ጋሼ ምትኩ ሱቅ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

ጋሼ ምትኩ ለሐበሻው ማመልከቻ የሚጽፍ ቀጭን ሰው ነበር። ሃያ ዓመት ሱዳን ኖሮ ዐረብኛው ጎንደር ጎንደር ይል ነበር። ኮምፒውተሩ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ አቧራ በተነሣ ቁጥር በነጠላ ይሸፍነዋል። አንድ ልማድ ነበረው፤ የደንበኛውን ሁሉ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጊዜው ያለፈበትንም ጭምር፣ ከነአድራሻው ስካን አድርጎ እዚያ ውስጥ ያኖራል። "የከሻ ቀን ትፈልጉታላችሁ" ይለን ነበር። ከሻ ማለት ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ወረቀት ያልያዘውን ሰው መኪና ላይ የሚጭንበት ቀን ነው።

እናቴ የተያዘችው አስር ዓመቴ ላይ ነው። ወደ ካፉሪ፣ ወደምትሠራበት ቪላ ስትሄድ፣ ኢቃማዋን ከነቦርሳው ታክሲ ውስጥ ረስታው። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ እያለከለከች መጣች። "ከሰዓት ወደ ድንበር ሊወስዷቸው ነው! ሩጪ ጋሼ ምትኩ ጋ!"

ሮጬ ስደርስ ጋሼ ምትኩ የእናቴን ኢቃማ ወዲያው ስክሪኑ ላይ አወጣው። ጉዱ ማተሙ ላይ ነው። አሮጌው ፕሪንተር በዚያው ሳምንት ሞቶ አዲስ ገዝቷል፤ የአዲሱ ገመድ ጫፍ ትንሽና ጠፍጣፋ፣ የኮምፒውተሩ መሰኪያ ደግሞ ሰፊ፣ ባለብዙ ቀዳዳ። ሁለቱን የሚያገናኝ የተባለ ገመድ ነበረው። ሰካው፤ ልክክ አለ። ግን ምንም። ነቀለው፣ እፍ አለበት፣ ሰደበው። ለሸጠለት ልጅ ደወለ። ለካ ገመዱ አዲስ ኮምፒውተርን ከአሮጌ ፕሪንተር ጋር ነው የሚያገናኘው፤ በተገላቢጦሽ አይሠራም። ፋይሉን ቀድቶ ሌላ ቦታ እንዳያትመው ፍሎፒውንም አቧራ ከበላው ቆይቷል። ጮኼ አለቀስኩ። ምነው አፌን በያዘኝ!

አንጀቱ አልቻለም። "ኻላስ፣ በቃ፣ ሚጡ። ወረቀቱ እምቢ ካለ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሄዳል። ያላ፣ እንሂድ!"

በነጠላው ጠቅልሎ ሪክሻ ላይ ጫነው።

የፖሊስ ጣቢያው መኮንን መጀመሪያ ሲያየን ሳቀ፤ ሶኬትም ሰጠን። የእናቴን ፊት አየ፣ የኢቃማውን ቀን አየ፣ "ልቀቋት" አለ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ጋሼ ምትኩ ኮምፒውተሩን ሊያጠፋ ሲል ግን መኮንኑ እጁን ያዘው። ማውሱን ራሱ ጨብጦ ቀጣዩን ፋይል ከፈተ። ከዚያም ቀጣዩን። ሳቁን ተወና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ጋሼ ምትኩ ወደ እኛ ጠቆመ። "እነዚህን ልሸኛቸው" አለ በዐረብኛው።

"እነሱ ይሂዱ። አንተ ቆይ" አለው መኮንኑ፣ በትሕትና።

"ቶሎ ሂዱ፤ ለሰዉ ንገሩ" አለን ጋሼ ምትኩ በአማርኛ።

አልነገርንም። እናቴ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች፤ እኔም ጉያዋ ውስጥ ገባሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ፖሊሶቹ ሰፈራችን ገቡ። እንደ ወትሮው መንገድ አልዘጉም፤ ስም እየጠሩ በር አንኳኩ። እትዬ ዘውዴንም በስሟ ጠርተው ወሰዷት።

ጋሼ ምትኩ ሱቁን ዳግም አልከፈተም፤ የት እንደደረሰም የሚያውቅ የለም። ለእኔ እናቴን ትቶልኝ ሄደ። የእትዬ ዘውዴ ልጅ ሄለን ዛሬም ትደውልልኛለች። "ስማችንን ማን ይሆን የሰጠብን?" ትለኛለች።

"እኔ እንጃ" እላታለሁ።