ለልጄ ክብር ብለው ያባረሩት መጽሐፍ

መጽሐፉን ከትምህርት ቤት ያስወጡት ለእኔ ልጅ ክብር ብለው ነው። ይህን ፊቴ ተቀምጠው ነገሩኝ። እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ። ቤቴ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ ወደ መስቃን ገጠር መግቢያው ላይ ነው። ድስቱንና ማሰሮውን በጋሪ ጭኜ ገበያ አወርዳለሁ። አገሬው ወጡን የሚሠራው በእኔ ድስት ነው፤ ከደጁ ደርሼ ውሃ ስለምን ግን የሚሰጠኝ ለብቻው በተቀመጠ ጣሳ ነው። ለእኛ ለሸክላ ሠሪዎቹ ያወጣልን ቃል አለው፤ ፉጋ። ሲቆጣም ሲቀልድም እሷን ነው የሚያነሳ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ እሷ ስታጠና እኔ ጭቃዬን እየረገጥኩ አብሬያት እየጮህኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ አያመልጠኝም። ታሪክ ሲሆንማ ምድጃዬንም እረሳለሁ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የአማርኛ አስተማሪያቸው፣ ከወልቂጤ የመጣ ለጋ ወጣት፣ አንድ የቆየ ልብ ወለድ በየተራ ያስነብባቸው ነበር። ታሪኩ የእኛኑ ገበያ በመሰለ ገበያ ላይ የሚሆን ነው። ተራው ልጄ ጋ ሲደርስ፣ አንድ ባለጠጋ ሸክላ ሻጯን በዚያች ቃል የሚሰድብበት ገጽ ላይ ወደቀ። ልጄ ቃሏ ጋ ስትደርስ አፏ ተያዘ። ከኋላዋ የተቀመጠ ልጅ ጮክ ብሎ አነበበላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ደወልም ተደወለና ንባቡ እዚያው ላይ ቆመ።

ቤት መጥታ ደብተሯን ወረወረችና ከነገ ጀምሮ ጭቃ እረግጣለሁ አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች። መጽሐፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ሸክላው ፀሐይ ላይ እስኪጠነክር ቁጭ አልኩና፣ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ እሷ ካቆመችበት ቀጠልኩ። ገጹን ብገልጠው ያቺ የተሰደበች ሴትዮ ምን ታደርጋለች? ባለጠጋው ትልቁን ድስት ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ድስቷን ከድንጋይ ጋር አጋጭታ ትሰብረዋለች። ስሜን ሳትጠይቅ የእጄን ሥራ አትወስድም ትለዋለች። ገበያው ሁሉ ቆሞ ያያል።

ብድግ ብዬ፣ እጄን እያወራጨሁ ለልጄ ተረኩላት።

«እውነት ሰበረችው?» አለችኝ።

እንኪ አንብቢው ብዬ ሰጠኋት። አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ከዚያ ሰኞ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ይቺን ገጽ የማነብላቸው ራሴ ነኝ አለች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሰኞ ከመድረሱ በፊት መጽሐፉን ይዘሽ ነይ የሚል መልእክት ከትምህርት ቤቱ ደረሰኝ። ቢሮው ውስጥ ርዕሰ መምህሩና የአማርኛ አስተማሪው ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ተቀምጠዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ሀጂ ነው የምንላቸው። ገበያ ላይ ዞር ብለው የማያዩኝ ሰውዬ በዚያ ቀን «አሰላሙ አለይኩም፣ እናታችን» ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ብሔር ብሔረሰቦች እኩልነት ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ ያኔ ስብሰባ ሁሉ የሚከፈተው በዚያ ነበር። ወደ ጉዳዩ ሲመጣ፣ መጽሐፉ ልጃችንን አዋርዷልና ከክፍልም ከቤተ መጻሕፍትም ይውጣ አለ። አስተማሪው የሚቀጥለው ገጽ እስኪነበብ ብትታገሱ ብሎ ሲጀምር ሀጂ አቋረጡት።

«አንተ ልጅ፣ ስድብ ሲታተም ትምህርት ይሆናል? ልጅቷ እኮ ቤት የዋለችው በዚህ መጽሐፍ ነው። የአንተ እህት ብትሆንስ?»

ሐሰት አልተናገሩም። ልጄ ቤት ውላለች። እኔም እንደ እናት ለአፍታ ልቤ ወደሳቸው አዘንብሎ ነበር።

ይኼኔ ሻይ ገባ። ትሪው ላይ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ብቻዋን ተቀምጣለች። የጽዳት ሠራተኛዋ እኔ ጋ ስትደርስ ትሪውን አዞረችና ኩባያዋን ወደ እኔ አደረገቻት። ያዘዛት ሰው አልነበረም። ተይ ያላትም አልነበረም። የሚወራው ስለ እኛ ክብር ነው፣ ልብ በሉ።

እጄን አሻግሬ ብርጭቆ አነሳሁ። አንድ ጊዜ ፉት አልኩ። ሀጂ መሬት መሬቱን አዩ።

«ኩባያዋን አንሱና መጽሐፉን ተዉት» አልኩ። «ልጄን የሰደባት መጽሐፉ አይደለም። መጽሐፉ ከእናንተ የሰማውን ነው የጻፈው። መልሱም እዚያው አለ፣ ሰኞ ልጄ ታነበዋለች።»

ርዕሰ መምህሩ ስሜትሽን እረዳለሁ አለኝ። ከዚያ እጅ ይውጣ አለ። ከአስተማሪው በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ስለ ትብብሬም አመሰገኑኝ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። ሰኞ መጣ፤ ዩኒፎርሟ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ዋለ።

በገበያው ቀን ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ድስቶቼ አጠገብ መጥታ ቆመች። የጠጣሁበትን ብርጭቆ የሚነካው ጠፍቶ መስኮት ላይ ሰንብቶ ነበር። በኋላ እሷው ከአጥሩ ወዲያ ወርውራ እንደሰበረችው ነገረችኝ።

«እነሱ አላዘዙኝም» አለችኝ አንገቷን ደፍታ። «ግን ማን ይጠጣበታል፣ እትዬ?»

ንዴቴን መያዝ አቅቶኝ ቤት ስደርስ ለልጄ ነገርኳት። እሷ ግን ሳቀች፤ የመረረ ሳቅ። ተነስታ ዩኒፎርሟን ከገመዱ አወረደች።

«አንዲት ብርጭቆ እንዲህ ካስደነገጠቻቸው፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ ፊታቸው እቀመጣለሁ» አለች።

ሄደችም። ያ ከኋላዋ የሚቀመጠው ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን ያቺን ቃል ወረወረባት፤ ለዚያ መጽሐፍ አላስፈለገውም። መልስ ያለበት ገጽ ግን እጇ ላይ አልነበረም፤ ሊሰማት የቆመ ክፍልም አልነበረም። ስድቡን ትተውላት መልሱን ወሰዱባት። ክፍል በተቀየረች፣ ዓመት በተጨመረ ቁጥር መጽሐፉ ተመለሰ ወይ እያልኩ እጠይቃት ነበር። አልተመለሰም። ያቺ ቃል ግን አንድ ቀን እንኳ ከትምህርት ቤት ቀርታ አታውቅም።