ፉሪ ላይ የተዘቀዘቀ ነጠላ

ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። የረጠበ ባህር ዛፍ ሽታ በመስኮቱ ሲገባ፣ ልጅ ሆኜ ከእማዬ ጋር ፉሪ ተራራ የወጣንበት ማክሰኞ መጣብኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ታላቅ ወንድሜን ብርሃኑን ገድለውታል፤ ለእኔ ግን "ክፍለ ሀገር ሄዷል" ነው የተባልኩት። ለቅሶ መቀመጥ ስለተከለከለ ግቢያችን ድንኳን አልተተከለም፤ ጥቁር የለበሰም የለም።

እማዬ "ቅጠል ልንለቅም ነው" ብላ ባዶ ማዳበሪያ አስያዘችኝ። በጭቃው እየተንሸራተትን ወጣን። ላይ ስንደርስ ነጠላዋን አውልቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው።

"ማን ሞተ እማዬ?"

"ማንም። ዝናቡ እስኪበረታ ዝም በይ።"

ሲበረታ ደረቷን እየደቃች "ልጄን! ልጄን!" ብላ ጮኸች። እኔም ቀሚሷን እየጎተትኩ "እዚህ ነኝ እኮ!" እላታለሁ።

ስንወርድ ጠመንጃ የያዘ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ መንገዱ ላይ ቆሟል።

"እማዬ፣ ነጠላሽ!" አልኳት። ፈጥና ገለበጠችው።

"ዓይንሽ ምነው ቀላ?" አላት።

"ዝናቡ ነው፣ ወንድሜ።"

ማዳበሪያው ውስጥ አንዲት ቅጠል አልነበረችም። ደግነቱ አልፈተሸንም።

አምና እማዬ አረፈች። ድንኳን ተተከለ፤ ሰው ሁሉ እንደ ልቡ አለቀሰላት። የእኔ እንባ ግን እምቢ አለ፤ "ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት!" ብለው አሙኝ።

ዛሬ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። በሩን ቆልፌ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ዝናቡ እስኪበረታ እየጠበቅሁ ነው።