በዳዊት ንባብ ያነበብሁት እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ አንድ ቃል አላውቅም። ነገር ግን አንድ ሙሉ ዐቢይ ጾም ጠዋት ጠዋት እንግሊዝኛ ሳነብ ከርሜአለሁ። የማነበው ለልጄ ነበር። ይህን የምጽፈው ልኮራበት አይደለም።

ልጄ ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከእሷ በላይ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ፤ በሁለተኛ ወሊዷ ሁለት ቀን አምጣ ሄደችብኝ። በዚያን ጊዜ በሐረር የነበሩት ሐኪሞች ወንዶች ነበሩ። ወንድ ሐኪም ይግባላት የሚል በቤታችን አልተገኘም፤ እኔም አላልሁም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ታናሺቱ ያን ሁለት ቀን ውሃ ስታመላልስ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዋላጅ እሆናለሁ ትል ጀመር፤ ሌላ ነገር ስትመኝ አልሰማኋትም።

በኋላ አንዲት እንግሊዛዊት ሐኪም መጥተው ከሸዋ በር ውጭ ለሴቶች የሚሆን ሐኪም ቤት ከፈቱ። ተመስገን አልሁ፤ ዘግይቶም ቢሆን። ከጥምቀት በኋላ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። ሐኪሟ ሁለት ልጃገረዶችን ባሕር ማዶ ዓደን ልከው አዋላጅነት ሊያስተምሩ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ፈትነው ይመርጣሉ። ዓደን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው።

«ማንበቡንና መጻፉን አልፈራም» አለችኝ። «የምፈራው መስማቱን ነው። ወረቀቱን አያሳዩንም። እሳቸው ሁለት ጊዜ ያነባሉ፤ እኛ የሰማነውን በአማርኛ እንናገራለን።»

«መምህራችሁ እንግሊዝኛ አይናገሩላችሁም?»

«ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል፤ የሚያስረዱን በአማርኛ ነው። እሳቸውም የተማሩት ከመጽሐፍ ነው። ሲነገር ሰምቼው አላውቅም፣ እማዬ።»

ጥቂት ቀን አሰበች። ከዚያ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ገጽ ቃል በቃል በእኛ ፊደል ገልብጣ አመጣችልኝ።

እኔ ማንበብ የተማርሁት በልጅነቴ ነው። አባቴ ከሠራዊቱ ጋር ከሸዋ መጥቶ ሐረር የቀረ ወታደር ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው እኔን ከወንዶቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሰድዶ ዳዊት አስተማረኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የዕለቱን ሳላደርስ የዋልሁበት ቀን ቢቆጠር ጥቂት ነው። ልጄ ይህን አይታ ነው የመጣችው።

«እርስዎ ያንብቡልኝ፤ እኔ ልስማ። ትርጉሙን ማወቅ አያስፈልግዎትም።»

«አፌ እሺ ይለኛል?»

«ዳዊቱንስ ቢሆን፣ ግዕዙን ሁሉ ተርጉመው ነው የሚያነቡት?»

ሳቅሁ። እውነቷን ነበር።

በጾሙ መጀመሪያ ሰኞ ጀመርን። ጠዋት ዳዊቴን ጨርሼ መጽሐፉን ሳላጥፍ ልጄ ወረቀቷን ከላዩ ታስቀምጥልኛለች። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ግድግዳው ዞራ ትቀመጣለች፤ ከንፈሬን አይታ እንዳትረዳ ነው። እኔ አነባለሁ። ሌላ የንባብ ዓይነት ስላልተማርሁ እንደ ዳዊት ነበር የማነበው። ፊደሉን ሁሉ አሰማለሁ፣ አልሮጥም፣ ሁለት ነጥብ ላይ ዐርፋለሁ፣ አራት ነጥብ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እቆማለሁ። ስጨርስ እሷ በአማርኛ ትነግረኛለች። አንድ ገበሬ ላም ጠፍቶበት ነበር። አንዲት ሕፃን ታማ ሐኪም መጣ። መርከብ ማዕበል አገኘው። ያን ሁሉ እኔ አንብቤ እኔው ከእሷ ስሰማ እደነቅ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ከግማሽ በላይ ትሰማ ጀመር። በጾሙ እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ሳምንት፣ ሳልጨርስ ቀድማኝ ትነግረኝ ነበር። ቅዳሴ ስሄድ ቀና ብዬ እሄድ እንደ ነበር ዛሬ ይታወቀኛል።

የምንኖረው ጀጎል ግንብ ውስጥ በአንዲት የሐረሪ ሴት ግቢ ነው። በቤቷ የራሷን ቋንቋ ትናገራለች፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ እንጫወታለን። ስፌት ትሰፋለች፤ እጇ ሥራ አይፈታም፣ ምላሷም እንደዚያው። አንድ ጠዋት ደጃፌ ላይ መጥታ ቆመች።

«እህቴ፣ ሰሞኑን ምን ዓይነት ጸሎት ነው የያዝሽው? ዜማው ያው የድሮው ነው፤ ቃሉ ግን ተለወጠብኝ።»

«እንግሊዝኛ ነው።»

ስፌቷን ብብቷ ሥር አድርጋ ሳቀች። «ወላሂ፣ በአንቺ አፍ ሲነበብ እንግሊዞቹ በሙሉ ማተብ ያሰሩ ይመስላል።»

እኔም ልጄም ሳቅን። እሷ ግን ሳቋን ጨርሳ አልሄደችም።

«እነሱ እኮ እንዲህ አይናገሩም» አለችኝ። «ባሌ ዓደን ተመላልሶ ሰልችቶታል። ቃሉን ይውጡታል ይላል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል። ልጅቱ ከሰው አፍ ትስማ። ወንድሜ ፈረስ መጋላ ገበያ ከህንዱ ነጋዴ ሱቅ ጸሐፊ ነው። የህንዱ ሚስት ጓዳ ናት፣ ከሐኪሟ ጋር የምትጫወተው በእንግሊዝኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ከእሷ ዘንድ ትቀመጥ። እኔ ራሴ አደርሳታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«ጾም ነው» አልኋት።

«መስማት ጾም ያስገድፋል?»

ዳዊቴን ማገላበጥ ያዝሁ። ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ቤቷ ገባች።

ልጄ ከግድግዳው ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ልሂድ።»

«ወንድ ሲወጣ ሲገባ በሚውልበት ሱቅ? ሰው ምን ይላል?»

«ጓዳ ነው፤ ከሴትየዋ ጋር ነው የምቀመጠው።»

«እኔ እያነበብሁልሽ ምን ጎደለብሽ?»

ዝቅ ብላ ምንጣፉን አየች። «ምንም አልጎደለብኝም» አለችና የሚቀጥለውን ወረቀት ከዳዊቱ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ጾሙን ያነሣሁት ለሰበብ ነው። ሰው ምን ይላል ያልሁትም ግማሹ ሰበብ ነው። እኔ ባሌን ቀብሬ፣ አንዲት ልጄን ቀብሬ፣ ለቀረችኝ ልሰጣት የምችለው ነገር አላገኝም ነበር። አሁን አገኘሁ፤ ከሌላ ሴት ጋር ልካፈለው አልወደድሁም። ይህን ያኔ አላውቀውም ነበር ብል እዋሻለሁ። ጥቂት አውቀው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ ወደ ሐኪም ቤቱ ሄድን። የሚፈተኑት አራት ልጃገረዶች ነበሩ። ማንበቡና መጻፉ ከረፋዱ በፊት አለቀ፤ መስማቱ አንድ በአንድ ነው ተባለ። እኛ እናቶቹ ከመስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ መስኮቱ ክፍት ነው። የልጄ ተራ ደረሰና ገባች። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ከዚያ ሐኪሟ ማንበብ ጀመሩ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንግሊዝኛ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንብቤው ነበር እንጂ።

ድምፃቸው ደስ የሚል ነበር፤ ቁጣ የለበትም። ግን ሁለት ነጥብ የሌለው ነገር ነው። አንዱን ቃል ከሌላው የሚለይ ምንም ምልክት አልሰማሁም። እኔ ዐርፍ በነበረበት እሳቸው ይቸኩላሉ፤ እኔ ድምፄን ዝቅ በማደርግበት እሳቸው ከፍ ያደርጋሉ። ከሃምሳ ቀን በላይ ካነበብሁት ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ አውጥቼ ይቺ ናት ማለት አልቻልሁም። ልጄ ምንም እንደማትሰማ ከእሷ እኩል ዐወቅሁ።

አንብበው ጨረሱ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ልጄ አስተርጓሚውን በአማርኛ፣ «ቀስ ብለው አንድ ጊዜ ያንብቡልኝ ብለው ይንገሩልኝ» ስትል ሰማሁ።

አስተርጓሚው፣ «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የታዘዘው» አላት።

«እንግዲያውስ አልሰማሁም» አለች።

ከአራቱ የተመረጡት፣ አባቷ ከጅቡቲ የሚነግድ አንዲት ልጅና ሌላ በፈረንጅ ቤት ሳህን ስታጥብ ያደገች ልጅ ናቸው። ሳህን አጣቢዋ ጽሕፈቷ የዶሮ ጭረት ይመስላል እየተባለ ሲሳቅባት ነበር፤ የተነበበላትን ግን ሳትሳሳት መለሰች። ያችን ልጅ ጠላኋት። ምንም አላደረገችኝም። በዚያው ሳምንት መቁረብ ያልቻልሁት በእሷ ምክንያት ነው።

ሐኪሟ ልጄን ይዘው ወደ ደጅ ወጡና በአስተርጓሚው በኩል አናገሩን። «ጽሕፈቷ ከሁሉም ይበልጣል» አሉ። «ነገር ግን ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ቆመን ትእዛዝ በወረቀት አንጽፍም። አዝናለሁ።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው፣ «መስማቱን ያለማመደሽ ማን ነው?» ብለው ጠየቋት።

ልጄ እኔን አላየችኝም። «ማንም አላለማመደኝም» አለች። «ብቻዬን ነው ያጠናሁት።»

ብትከሰኝ ይሻለኝ ነበር።

በሸዋ በር ስንገባ ገበያው ሞልቶ ነበር። የሚያውቁን ሴቶች ከዘንቢላቸው ቀና ብለው፣ «እንዴት ሆነ? መቼ ነው ዓደን?» እያሉ ጠየቁን። «ለሌላ ጊዜ ሆነ» እያለች በየተራ የመለሰችላቸው እሷ ናት። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተከተልኋት። ቤት ስንገባ፣ «እማዬ፣ ምሳ አልበሉም» አለችኝ።

ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። «ልጅ ማስጠናት ኃጢአት አይደለም» አሉኝ።

«ማስጠናቴን አይደለም አባቴ። በቅናት እንዳትሄድ መከልከሌን ነው።»

ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድሁ። «ለልጅሽም ንገሪያት» ብለውኝ ነበር። እሱን አልፈጸምሁም።

ባለ ስፌቷ ጎረቤቴ፣ ነግሬሽ አልነበረም ወይ አላለችኝም። ሁለት ቀን ጠብቃ መጣችና፣ «ዛሬ ልውሰዳት?» አለችኝ። «እኔ ራሴ እወስዳታለሁ» አልሁ። ፈረስ መጋላን አቋርጠን ከህንዱ ሱቅ ገባን። ጸሐፊው ወንድሟ በጓሮ በር አስገባን። የህንዱ ሚስት ክክ እየለቀመች ነበር፤ ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጥርስ ሕመሟ፣ ስለ ሐረር ብርድ እያወራች ክኩን አስለቀመቻት። የሚያስፈራ ነገር አንድም አላየሁም። ወንድ አልገባም። ስንወጣ ልጄን ጠየቅኋት።

«ሰማሽ?»

«መጀመሪያ ምንም። በኋላ ግን ጆሮዬ ለመደው መሰለኝ። ግማሹን ሰምቻለሁ።»

በአንድ ከሰዓት በኋላ ግማሹን። እዚያው መንገድ ላይ ግድግዳ ይዤ ቆምሁ። «ደከመዎት?» አለችኝ። «አዎ፣ ደከመኝ» አልኋት።

ሐኪሟ መልካም ሴት ነበሩ። ልጄን ጨርቅ እንድታጥብና መሣሪያ እንድትቀቅል ቀጠሯት፤ በሚመጣው ዓመት ሌሎች ሁለት ስለምንልክ እንደገና ተፈተኚ አሏት። ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ዛሬም አመሰግናለሁ። ልጄ እያጠበች ከመጋረጃው በስተጀርባ ታዳምጥ ነበር። ማታ ስትመጣ ዛሬ ይህን አሉ፣ ዛሬ ያን አዘዙ ትለኛለች። እንዳነብላት ግን አንድ ቀንም አልጠየቀችኝም፤ እኔም ላንብብልሽ አላልሁም። የፈተናው ጊዜ ሲቃረብ የጣልያን ጦር ይመጣል የሚል ወሬ በረታና ቀኑ ተላለፈ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ሁለተኛ ጊዜ ተላለፈ።

በክረምቱ መጨረሻ አንድ ቀን ልጄ ከወትሮው ቀድማ መጣች። ቁጭ ሳትል፣ «ዛሬ አንድ ቃል አላመለጠኝም» አለችኝ።

«ምን ሲናገሩ?»

«ሐኪሟ ከእንግዳ ጋር ሲነጋገሩ። ቶሎ ቶሎ ነበር የሚያወሩት፤ ሁለቱንም ሰማኋቸው።»

«ተመስገን። ምን አሉ?»

«ዕቃቸውን እያሰሩ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሄዳሉ። ሐኪም ቤቱም ይዘጋል፤ ዓደንም የሚላክ የለም።»

«ደህና ሰምተሽ ነው?»

«ደህና ሰምቻለሁ፣ እማዬ።»

እንዳለችው ሆነ። ሐኪሟ ሲሰናበቱ ለልጄ መቀስና አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅ ሰጧት። በሩ በቁልፍ ተዘጋ።

ከዚያ ዐሥር ቀን ሳይሞላ፣ ሆዷ የገፋ አንዲት ሴት ግቢያችንን ጠይቃ መጣች። ከሩቅ ነው የመጣችው፤ እግሯ አብጧል።

«ከሐኪሟ ጋር ትሠራ የነበረችው አንቺ ነሽ?» አለቻት ልጄን።

«ጨርቅ ነበር የማጥበው።»

ሴትዮዋ አልሄደችም። ወሯ እንደ ገባ፣ የመጀመሪያዋም እንደ ሆነ ነገረችን። ከዚያ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«ግቢ በያት እንጂ» አልኋት ልጄን።

«አዋላጅነት ሳልማር ገብታ ምን ላደርግላት?» አለችኝ።