ከኩዝሚች ማሞቂያ ጀርባ ያለው ግድግዳ

እኔ መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። የደረጃችንን ማስታወቂያ ስለጥፍ እንኳ ሰው ቆሞ ሲያነበው እንዳላይ ቶሎ ዞር እላለሁ። ግን ሌላ ሰው ስለ ሪማ ፎሚኒችና ይጽፋል ብዬ ብጠብቅ ማንም የሚጽፍ አይመስለኝም። እንደመጣልኝ ልናገር።

ሪማ ፎሚኒችና የሚኖሩት እኔ በምጠርገው ደረጃ፣ ማለትም በሕንፃችን በአንዱ መግቢያ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በወጣትነታቸው ከካማ ወንዝ ማዶ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ጌጠኛ ወረቀት ሲለጥፉ ኖረዋል። ግማሹ የከተማችን ሰው ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው እሳቸው የለጠፉትን አበባ ነው።

አብረዋቸው የሚሠሩት ማሞቂያው ጋ ሲደርሱ ወረቀቱን በዙሪያው ቆርጠው ያልፉ ነበር። የሁላችንም ቤት እንደዚያው ነው። ያ ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ከባድ ብረት ከመስኮቱ ስር ተሰቅሎ፣ ከኋላው ማን ያያል? ሪማ ፎሚኒችና ግን መጥረጊያ እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥመው፣ ወረቀቱን ከላይ አሾልከው፣ ከኋላ እያሻሹ ይለጥፉት ነበር። አለቃቸው "ሪማ፣ እዚያ ማን ሊያይልሽ ነው?" ሲላቸው "ድመቷ" ይሉት ነበር አሉ።

እኔ ነገሩን ያወቅኩት በጓንቴ ነው። አንድ ክረምት በረዶ ስጠርግ አይተውኝ ሻይ ጠጪ ብለው አስገቡኝ። ጓንቴን እንዲደርቅ ማሞቂያው ላይ ሰቀሉልኝ፤ አንዱ ወደ ኋላ ወደቀ። ጉንጬን ወለሉ ላይ አድርጌ ስፈልገው ከብረቱ ጀርባ ሌላ ቤት ያለ መሰለኝ። ሰማያዊ ላይ ነጭ ወፍ፣ ከጎኑ እንጆሪ፣ ከዚያ የወርቅ መስመር፣ ሁሉም ቁርጥራጭ፣ ጠርዝ ለጠርዝ የተጋጠመ።

"ከየሠራሁበት ቤት የተረፈኝ ነው" አሉኝ። "ግላሻ፣ ፊት ለፊት ያለው ለእንግዳ ነው። ይሄኛው የኔ ነው።"

ጓንቴን አግኝቼም ቶሎ አልተነሳሁም።

አሁን ወደ ኩዝሚች ልሂድ። ሙሉ ስማቸው ሮድዮን ኩዝሚች ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ነው ቤታቸው። አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞተችባቸው የቆዩ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። በጋውን ግቢው ውስጥ ዶሚኖ ሲጫወቱ ይውላሉ። ሪማ ፎሚኒችና ከገበያ ብቅ ካሉ ግን የሚያሸንፉትንም ጨዋታ ቢሆን ጥለው ዘንቢል ለመቀበል ይሮጣሉ። ጓደኞቻቸው "ልቀቁት፣ አውቶቡሱ ተነሳ" እያሉ ይስቁባቸዋል።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ኩዝሚች ደፈሩ። መግቢያው ጋ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ "ሪማ ፎሚኒችና፣ በአንድ ደረጃ ሁለት ማንቆርቆሪያ ለምን እናፈላለን? አንዱ አይበቃንም?" አሏቸው።

ሪማ ፎሚኒችና ቀላ አሉ። "መጀመሪያ ቤትዎን ልየው" አሉ። እኔ ደረጃ ስወለውል ነበርና፣ "ግላሻ፣ ነይ አብረሽኝ ግቢ፤ ብቻዬን አፍራለሁ" ብለው ይዘውኝ ገቡ።

ኩሽናውን አዩ፤ ንጹሕ ነው። ክፍሉን አዩ፤ መጋረጃው ታጥቧል። ኩዝሚች ደስ ብሏቸው እጃቸውን ያፋትጋሉ። ከዚያ ሪማ ፎሚኒችና ከቦርሳቸው ትንሽ መስተዋት አውጥተው ከማሞቂያው ጀርባ ሰደዱት። እኔም አየሁ። የሸረሪት ድር፣ የተላላጠ አረንጓዴ ቀለም፣ በመቀስ ተቦጫጭቆ የቀረ ቢጫ ወረቀት።

"ይሄ ምንድን ነው፣ ኩዝሚች?"

"ከኋላ ነዋ። ማን ያየዋል?"

"የመጀመሪያ ባሌ እንዲህ ነበር። እንግዳ ፊት ማር፤ በሩ ሲዘጋ ግን ሌላ ሰው።" መስተዋቱን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "ልቤስ እሺ ብሏል። ግን እፈራለሁ። ትንሽ ላስብበት።" ብለው ወደ ላይ ወጡ።

በማግስቱ ኩዝሚች ዶሚኖ አልወጡም። እኔ ጋ መጡና፣ "ግላሻ፣ የምድር ቤቱ ቁልፍ አንቺ ጋ አይደል? ማንም እንዳይሰማ" አሉኝ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ወዳጃቸውን ይዘው ወረዱ። ከፎቅ ፎቅ የሚወጣውን የእኛን የማሞቂያ መስመር ውሃ ዘግተው አፈሰሱት፤ ማሞቂያውን ፈትተው ከግድግዳው አነሱት። "ሙቀቱ እስኪለቀቅ ገና ነው፤ እደርሳለሁ" አሉኝ።

በኛ ከተማ ሙቀት የሚለቀቅበትን ቀን ሰው አይመርጥም። ከተማው ባሰኘው ቀን ለሁሉም ቤት ባንዴ ይለቃል። በዚያ ዓመት ደግሞ ውርጭ ቀደመና ቶሎ ለቀቁት። የጎረቤት ደረጃ ሰዎች መስኮት ከፍተው "ኧረ ሞቀን" ይላሉ። የኛ መስመር ብረት በረዶ ነው።

እኛ ጋ ማሞቂያ ሲበላሽ መጀመሪያ ስልክ የሚደውል የለም። ብረቱን በማንኪያ መምታት ነው፤ ድምፁ በቧንቧው ከፎቅ ፎቅ ይሄዳል። አምስተኛ ፎቅ ያለችው ዳቦ ጋጋሪዋ ዞያ ጀመረች። ከዚያ ሁሉም ቀጠለ። ከሁለተኛ ፎቅ ብቻ መልስ የለም።

ዞያ ጭልፋዋን እንደያዘች ባሏን ቫዲምን አስከትላ ወረደች። ሪማ ፎሚኒችናም ካፖርት ደርበው፣ ማንኪያ ይዘው ወረዱ። እኔም ተከተልኩ። ኩዝሚች በሩን ከፈቱ፤ ቅንድባቸው ላይ ሙጫ ደርቋል። ማሞቂያው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኝቷል። ከመስኮቱ ስር ያለው ግድግዳ ግን ቀይ ቱሊፕ በቱሊፕ ሆኗል። ሁሉም ቱሊፖች ተዘቅዝቀዋል።

"ኩዝሚች፣ እኛ እዚያ ላይ እየደረቅን እርስዎ አበባ ይተክላሉ?" አለች ዞያ።

ኩዝሚች ዞያን አላዩዋትም። ሪማ ፎሚኒችናን ነው የሚያዩት። "እንደ እርስዎ በእንጨቱ ሞክሬ ነበር። ተቀደደብኝ። ብረቱን ባወርደው ይሻላል ብዬ ነው።"

ሪማ ፎሚኒችና ጠጋ ብለው ወረቀቱን በእጃቸው ጀርባ ነኩ። "እርጥብ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ዛሬ ሙቀት ካገኘው እስከ ማታ ተልጦ ይወድቃል። ነገ ጠዋት ድረስ ካልቆየ አይሆንም።"

ኩዝሚች ትከሻቸው ወረደ። "ይውደቅ በቃ። ሰው በኔ ምክንያት በብርድ አያድርም። ቫዲም፣ ና አንሳልኝ።"

እኔ ሰው መሃል መናገር አልወድም። ግን፣ እንጃ፣ ወጣብኝ፤ "እኔ ጋ ሁለት ትርፍ ብርድ ልብስ አለ" አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጆሮዬ ጋለ።

ዞያ በረጅሙ ተነፈሰች። "እኔ እንደሆነ ስንት ዓመት ከቫዲም እግር ጋር ተኝቻለሁ። ከዚያ የከፋ ብርድ የለም። ይድረቅ።"

"የኔን እግር በምን አመጣሽው?" አለ ቫዲም።

"እኔ መቼ አመጣሁት? አንተ ስታመጣው ነው የሚበርደኝ። ሂድ በረንዳ ላይ በብርድ ያስቀመጥኩትን ፔልሜኒ አምጣ።"

ያን ምሽት በመስመሩ ያለን ሁላችን ኩዝሚች ኩሽና ካፖርት ለብሰን ተጨናነቅን። ምድጃው ላይ ፔልሜኒው ይንተከተካል፤ በሥጋ የተሞላው ሊጥ ሽታው ብቻ ያሞቃል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ታውሯል። ሪማ ፎሚኒችና ሳህናቸውን ይዘው በበሩ በኩል ግድግዳውን ያያሉ።

"ተዘቅዝቀዋል እኮ" አሉ።

"ከለጠፍኩ በኋላ ነው ያየሁት" አሉ ኩዝሚች። "ልላጠው?"

"ተወው።"

የዞያ ሹካ አየር ላይ ቆመ። እነዚህ ሁለት ሰዎች እስከዚያ ቀን እርስ በርስ "እርስዎ" ነበር የሚባባሉት።

"ተወው፣ ሮድያ" አሉ ሪማ ፎሚኒችና ደግመው፣ ሮድዮን የሚለውን ስም አቆላምጠው። "ማንም በማያየው ቦታ እንዲህ የደከመ ሰው አበባው ቢዘቀዘቅ ምን ይሆናል።" ከዚያ ወደ ቤታቸው ወጡና ነጭ ወፍ ያለበት ሰማያዊ ቁራጭ ይዘው ተመለሱ። ከታች ወረቀቱ ያጠረበት ቦታ ላይ ተንበርክከው ለጠፉት። ኩዝሚች ሙጫውን ያዙላቸው።

ጠዋት ግድግዳው ደርቆ ነበር። ቫዲምና ኩዝሚች እያቃሰቱ ብረቱን ሰቀሉት፤ የቧንቧ ሠራተኛው ምድር ቤት ወርዶ ውሃውን ለቀቀ። ብረቱ አጉረመረመ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያ ሞቀ። ወፏም ቱሊፖቹም ከኋላ ተሸሸጉ። ሪማ ፎሚኒችና መስተዋታቸውን ሰደው አዩ፤ ለኩዝሚች ሰጧቸው፤ ኩዝሚችም አይተው ለእኔ ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ የሪማ ፎሚኒችናን ዕቃ ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ፎቅ አወረድን። የመጨረሻው ማንቆርቆሪያው ነበር፤ ኩዝሚች ራሳቸው ነው የያዙት። በሩ እንደተዘጋ ዞያ ከአምስተኛ ፎቅ ብረቱን በጭልፋ መምታት ጀመረች፤ እንደ ሠርግ ከበሮ ነው የምትመታው። ሌሎቻችንም ቀጠልን። የጎረቤት ደረጃ ሰዎች ሙቀቱ የጠፋ መስሏቸው እነሱም ከወዲያ ይመቱ ጀመር።

ይሄኔ ከሁለተኛ ፎቅ መልስ መጣ። አንዱ ማንኪያ ረጋ ብሎ ይመታል፤ ሌላው ይፈጥናል፣ ይስታል፣ እንደገና ይጀምራል። የትኛው የኩዝሚች እንደሆነ ሁላችንም አወቅን።